ጥቅል ጎመን ሲበሰብስ ምን ይደረግ?

ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ጥቅል ጎመን አለማለሁ። ጎመን ሲቆረጥ ወይም ሲነከስ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጥ መርዝ ያመነጫል፤ መከላከያው ነው። አበስባሹ ባክቴሪያ ፔክቶባክቴሪየም ግን ሳክስኤ በሚባል ኢንዛይም መርዙን ሰባብሮ ያከሽፈዋል። ከዚያ ሴሎቹን ያያያዘውን ፔክቲን ያሟሟል። ቅጠሉን በጣት ጫን በሉት፤ ከተዝለገለገና ከገማ እሱ ነው።

መድኃኒት ፍለጋ አትሩጡ፤ አንዴ የያዘውን የሚያድን የለም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ከማሳው ርቃችሁ ቅበሩ። ቢላዋውን በበረኪና እጠቡ። ውሃ ከሥር አጠጡ እንጂ ከላይ አታርከፍክፉ። ስትኮተኩቱ ግንዱን አታቁስሉ፣ በጣም አደራ! ባክቴሪያው የሚገባው በቁስል ነው፤ አንድ መደብ ሙሉ ያሳጣኝም ይሄው ነው። ጤዛው ሳይደርቅ አትቁረጡ። በሚቀጥለው ወቅት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ዝሩ።