ትልቁን የባህር አኳሪየም በትንሽ ስትተኩ፦ መጀመሪያ ማን እንደሚቀር ወስኑ

ቤት ሲቀየር፣ ልጅ ሲወለድ ወይም ባልዲ ማመላለሱ ሲሰለች ትልቁን የባህር አኳሪየም በትንሽ የመተካት ሐሳብ ይመጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። በትንሽ ታንክም ዓይን የሚያስቀር ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የሚያድግበት አለት፣ መያዝ ይቻላል፤ የመብራት ክፍያውም፣ የጨው ወጪውም፣ ድካሙም ይቀንሳል። ችግሩ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው መስታወቱን መሆኑ ነው። ታንኩ ይመጣል፣ ከዚያ ያለው ዓሣና ኮራል ሁሉ እንደምንም ተጠጋግቶ ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህ ከመስታወቱ በፊት ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚሄድ ወስኑ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ይከተላል።

ለምሳሌ የምወስደው እዚህ አሜሪካ የተለመደውን ነው፦ 120 ጋሎን ማለትም 450 ሊትር ገደማ ከሚይዝ ታንክ ወደ 20 ጋሎን ሎንግ፣ ማለትም ወደ 75 ሊትር ገደማ መውረድ። ይሄኛው 76 ሴንቲ ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ወርድና 30 ሴንቲ ከፍታ አለው። ዱባይም ሆነ ስቶክሆልም ብትሆኑ መጠኑ ይለያይ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ዓሦቹ

ታንግ የሚባለው ዓሣ ካላችሁ ይሄዳል። መቀበሉ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ትልቁን ታንክ የገዛው ለእሱ ብሎ ነው። ግን ቢጫው ታንግም ሆነ ከጎረቤታችን ከቀይ ባህር የሚመጣው ሐምራዊው ታንግ 20 ሴንቲ ያህል ያድጋሉ፣ ቀኑን ሙሉ አልጌ እየጋጡ ሲዋኙ ነው የሚውሉት። በ76 ሴንቲ ታንክ ውስጥ መዞሪያ እንኳን አያገኙም። «ገና ትንሽ ነው፣ ሲያድግ እሰጠዋለሁ» አትበሉ፤ የተጨናነቀ ታንግ ቶሎ ይታመማል፣ በሽታውም ለሌሎቹ ይተርፋል። ራስ (wrasse) የሚባሉት ትልልቅ ዓሦች፣ ኤንጅልፊሽና ትሪገርፊሽም እንዲሁ።

ማን ይቀራል? የክላውንፊሽ ጥንድ ካላችሁ ለዚህ ታንክ የተፈጠሩ ናቸው። ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ቢያድጉ ነው፣ ብዙም አይንቀሳቀሱም፣ በደንብ ከተያዙ ከ20 ዓመት በላይ መኖር ይችላሉ። በእነሱ ላይ ጎቢ የሚባል አንድ ትንሽ ዓሣ ከፒስቶል ሽሪምፕ ጋር ብትጨምሩ አሸዋ ሲቆፍሩና ጉድጓዳቸውን ሲጠብቁ ማየቱ ብቻ አይሰለችም። ሦስት ዓሣ ይበቃል። አራተኛ የሚጨምሩ አሉ፣ እኔ ግን አልመክርም። አኒሞኒ የሚባለው አበባ መሰል የባህር እንስሳም ይሂድ። አኒሞኒ ያልተመቸው ቀን ተነስቶ ይሄዳል፣ በመንገዱ ያገኘውን ኮራል ያቃጥላል፣ ፓምፕ ውስጥ ከገባ ደግሞ ታንኩን ሙሉ ይመርዛል። ክላውንፊሽ ያለ አኒሞኒ በሰላም ይኖራል።

የሚሄዱትን ለማን? በአካባቢያችሁ ያሉ የሪፍ ክለቦችን ጠይቁ፤ ብዙ ሱቆችም ዓሣና ኮራል ተቀብለው በምትኩ ዕቃ ይሰጣሉ። ዋጋ ላይ ብዙ አትከራከሩ፣ የተቀባዩን ታንክ ፎቶ ግን ጠይቁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ለዓመታት ያሳደጋችሁት እንስሳ የት እንደሚያርፍ ማወቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር ፈጽሞ አታድርጉ፦ ባህር ውስጥ አትልቀቁ። ላየንፊሽ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ዓሣ ነው። በ1985 ፍሎሪዳ ባህር ዳርቻ ታየ፣ ዛሬ ካሪቢያንን ሞልቶ የአገሩን ትናንሽ ዓሣ እየጨረሰ ነው። ኮለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባለው አልጌም በ1984 ሞናኮ አጠገብ ተገኝቶ ከዚያ በሜዲትራኒያን ተስፋፋ። ሁለቱም ከአኳሪየም ዓለም ጋር የተያያዘ ታሪክ ያላቸው ናቸው። ድንጋይም፣ አልጌም፣ ቀንድ አውጣም ቢሆን ያው ነው። ከአገር ወደ አገር የምትዛወሩ ከሆነ ደግሞ ድንጋያማ ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ (CITES) ስምምነት የሚጠበቁ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ ብላችሁ አትሞክሩ።

ኮራሎቹ

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ኮራል ይቆረጣል። የምትወዱትን ትልቅ ኮራል ሙሉ በሙሉ መስጠት የለባችሁም፤ ቁራጩን አስቀርታችሁ እናቱን ለሌላ ስጡ። ቁራጮቹን ከዝውውሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ብትቆርጡ ቁስላቸው ድኖ ይደርሳል።

ለትንሽ ታንክ የምመርጠው ለስላሳውንና ትልልቅ ፖሊፕ (ኮራሉን የሚሠራው ትንሽ እንስሳ) ያለውን ነው፦ ማሽሩም፣ ዞአንቲድ፣ ዳንካን፣ አንድ ሃመር። አክሮፖራ የሚባለው ድንጋያማ ኮራል የውሃው ይዘት ሳይለዋወጥ ለወራት እንዲቆይ ይፈልጋል፣ ትንሽ ውሃ ደግሞ ይህን መስጠት ይከብደዋል። ዜኒያና ግሪን ስታር ፖሊፕ ሁሉንም ሸፍነው ይወርሳሉና ከዋናው ድንጋይ ነጠል ባለ ድንጋይ ላይ አድርጓቸው፣ ወይም ተዉዋቸው። ቶርች የሚባለው ኮራል ሌሊት ረጅም ክንዱን ዘርግቶ ጎረቤቱን ያቃጥላል። ዙሪያውን 15 ሴንቲ ባዶ ቦታ መስጠት ካልቻላችሁ ከእሱ ተለያዩ።

አሁን የምለውን በጥንቃቄ አንብቡ። ዞአንቲድና በተለይ ዘመዱ ፓሊቶአ፣ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ስትቆርጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ አትንኩ፣ መስኮት ክፈቱ። እነሱ ያሉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱበት፤ መርዙ በእንፋሎት ወጥቶ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ልጆችና የቤት እንስሳት ከክፍሉ ይውጡ። አፋችሁ ብረት ብረት ካላችሁ ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ ወዲያው ከቤት ወጥታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ምን እንደነካችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ታንኩና ውሃው

ረዘም ዝቅ ያለ ታንክ ከቀጭን ረጅም ይሻላል። የውሃው ገጽ ሰፊ ስለሚሆን ኦክስጅን በደንብ ይገባል፣ እጃችሁም እስከ ታች ይደርሳል። ከ75 ሊትር በታች አትውረዱ፤ ይቻላል፣ ግን ትልቅ ታንክ ለለመደ ሰው ዝላዩ ይበዛል። ውሃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲደመር ከ100 ኪሎ ያልፋልና ማስቀመጫው ጠንካራና ደልዳላ ይሁን። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አታድርጉት።

ውሃውን ከዝውውሩ ቀን በፊት አዘጋጁ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ዋሽንግተን ዲሲን ብንወስድ ውሃው አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ እንደ ክሎሪን ውሃውን አሳድሮ የሚወጣ አይደለም። በአርኦዲአይ (RO/DI፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ለማለት ይቻላል የሚያስቀር ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ፤ ማጣሪያው ከሌላችሁ የአኳሪየም ሱቆች በጋሎን ይሸጣሉ። ለአንድ ሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም የአኳሪየም ጨው ይገባል፣ ትክክለኛው በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በፓምፕ እያማሰላችሁ አንድ ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያ) ለኩ። የውሃው ጥግግት ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.025 እስከ 1.026 ላይ መሆን አለበት። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ።

አሮጌው ውሃ ይጣል ወይስ ይወሰድ? ጠቃሚው ባክቴሪያ የሚኖረው ድንጋይና አሸዋ ላይ ስለሆነ ውሃው በዚህ በኩል ብዙ አይጠቅምም። ግን ኮራሎቹ የለመዱት እሱን ነው። ድንጋይ ከመነካቱ በፊት ከላይ የተቀዳ ንጹህ አሮጌ ውሃ ግማሽ፣ አዲስ ውሃ ግማሽ አድርጉ። አልካሊኒቲያቸውን (አሲድን የመቋቋም አቅማቸውን) ቀድማችሁ ለኩና ተቀራራቢ መሆኑን አረጋግጡ።

አሮጌውን አሸዋ አታምጡ። ለዓመታት የምግብ ትርፍራፊና ኩስ የተጠራቀመበት ነው፤ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ታችኛው ኦክስጅን የሌለው ክፍል የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይይዛል። ሲነካ ሁሉም ይለቀቃል፣ በ75 ሊትር ውስጥ ከተለቀቀ ዓሦቹን ይገድላል። አዲስ አሸዋ ግዙ፣ 10 ኪሎ ገደማ ይበቃል።

ድንጋዩ ግን ሀብታችሁ ነው። ከቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ናቸው። ከ7 እስከ 9 ኪሎ የሚሆን፣ ቀዳዳ የበዛበትን፣ ቀላል የሆነውን ምረጡ። አይፕቴዥያ (ተባይ የሆነ ትንሽ አኒሞኒ) ወይም በብል አልጌ (አረፋ መሰል አልጌ) ያለበትን ተዉት፤ ከእነሱ ለመገላገል ከዚህ የተሻለ ዕድል አታገኙም። ድንጋዩን በአሮጌ ጨዋማ ውሃ ባልዲ ውስጥ አራግፉት እንጂ ቧንቧ ስር አታስገቡት፣ እንዲደርቅም አትፍቀዱ። የደረቀ ድንጋይ ላይ ያለው ሕይወት ሞቶ ራሱ አሞኒያ ይሆናል።

የዝውውሩ ቀን

ሁለቱን ታንኮች ጎን ለጎን ለጥቂት ሳምንታት ማስኬድ ከቻላችሁ ይህን አድርጉ። ድንጋዩን ቀድማችሁ አስገቡ፣ ከዚያ ኮራል፣ አሞኒያው ዜሮ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ዓሣ። ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃልና ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

መጀመሪያ ንጹሁን ውሃ ክዳን ባላቸው ባልዲዎችና ጄሪካኖች ቅዱ። ሳሙና ነክቷቸው የማያውቅ ይሁኑ። ከዚያ ኮራሎቹን አውጡ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ዕቃ፣ ምክንያቱም ሲጨነቁ እርስ በርስ ይቃጠላሉ። ቀጥሎ ድንጋዩን። ዓሣ ለመያዝ የምትሞክሩት ድንጋዩ ሁሉ ወጥቶ ውሃው 15 ሴንቲ ያህል ሲቀር ነው፤ ከዚያ በፊት መረብ ይዞ ማባረር እናንተንም ዓሣውንም ማድከም ብቻ ነው። የዓሣው ባልዲ የአየር ፓምፕ ያስፈልገዋል፣ በባትሪ የሚሠራ ርካሽ አለ። ክረምት ከሆነ ባልዲዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ።

አዲሱ ቤት ስትደርሱ ድንጋዩ ይቅደም፣ የመስታወቱ ወለል ላይ በደንብ ይደላደል፣ አሸዋው በዙሪያው ይፍሰስ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ጎቢው ሲቆፍር ይወድቃል። ከዚያ ውሃው፣ ሂተሩ፣ ፓምፑ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው እንዲመለሱ አድርጉ፣ ውሃ ቢንጠባጠብ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ሙቀትና ጨዋማነት ለኩ። ኮራሎቹ ይግቡ፣ ውሃው ጠራ ሲል ዓሦቹ። ያን ቀን አትመግቧቸው።

ለመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያ በየቀኑ ለኩ። ምንም ከታየ ሩብ ያህል ውሃ ወዲያው ቀይሩ። የተዘጋጀ ጨዋማ ውሃ ምንጊዜም ቤት ውስጥ ይኑር።

የድሮ ዕቃችሁን እንዳለ አታዛውሩ። ለ450 ሊትር የተገዛ ትልቅ ሂተር ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ በርቶ ቢቀር 75 ሊትርን በሰዓታት ውስጥ ያበስላል። የ75 ዋት ግዙ፣ ሲሞቅ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም ጨምሩበት። መብራቱም ያው ነው፦ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ኮራሉ አምፖሉ አፍንጫ ሥር ነው ያለው፣ በድሮው ኃይል ካበራችሁት ቀለሙን ጥሎ ይነጣል። ከ30 በመቶ ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስኪመር፣ ማለትም ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ፣ የግድ አይደለም፤ ዓሣው ሦስት ከሆነና ውሃ በየሳምንቱ ከተቀየረ ሳይኖር ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ

ትልቁ ልዩነት ትነት ነው። ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ከ450 ሊትር 2 ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ በሺህ ከ35 ወደ 35.2 ገደማ ቢደርስ ነው፣ አይታወቅም። ከ75 ሊትር ግን ወደ 36 ይጠጋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተዘነጋ ኮራሎቹ ይዘጋሉ። አውቶማቲክ መሙያ ግዙ። ከስኪመሩም፣ ከውድ መብራቱም በፊት ገንዘባችሁ እዚህ ይዋል። የምትሞሉት ግን ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው፣ ጨዋማ ውሃ አይደለም።

በሌላ በኩል ውሃ መቀየሩ ጨዋታ ይሆናል። 10 በመቶ ማለት 7 ወይም 8 ሊትር ነው፣ አንድ ባልዲ። ትልቁ ላይ 45 ሊትር ነበር። በየሳምንቱ ይህን ካደረጋችሁ አልካሊኒቲው ከ8 እስከ 9 dKH፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም አካባቢ ሊቆይ ይችላል፤ ለስላሳ ኮራል ብቻ ካላችሁ ተጨማሪ ኬሚካል መጨመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለክታችሁ እየወረደ ካያችሁ ብቻ ጨምሩ።

ትልቁን ታንክና ዕቃዎቹን የምትሸጡ ከሆነ ፓምፑንና ስኪመሩን ውሃ በበዛበት ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩ፣ የተጋገረው ኖራ ይለቃል፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ አድርቁ። መስታወቱን ከመሸጣችሁ በፊት ደጅ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ቀን አቆዩት፤ ገዢው እንደማያፈስ በዓይኑ ሲያይ በዋጋው አይከራከራችሁም።