የቦይለር ታይመር እምቢ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

የመታጠቢያ ቤት ቦይለር ሌት ተቀን ሲሰራ ቆጣሪው ይሮጣል። ብሬከር ሳጥን ውስጥ ታይመር፣ ማለትም በተሞላለት ሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ፣ ማስገጠም ጥሩ መላ ነው። ግን ሽቦው ተሳስቶ ስለተሰራ ብቻ ደህና ታይመር ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ታይመሩ «ጠፍቷል» ስላለ ብቻ ሽቦ አይነካም። የሳጥን ስራ የማታውቁ ከሆነ ምልክቱን ለይታችሁ ለኤሌክትሪሺያን ንገሩት።

ሰዓቱ ይዞራል፣ ውሃው ግን አይሞቅም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአብዛኞቹ የሳጥን ታይመሮች ውስጥ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አሉ። ኤል (L) እና ኤን (N) የተጻፈባቸው ብሎኖች ሰዓቱን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ማብሪያ ማጥፊያው ለብቻው ነው። እሱ ኮመን የሚባለው ብሎን፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚገናኝ ብሎን፣ ብዙ ጊዜም ሰዓቱ ሲደርስ የሚለያይ ሦስተኛ ብሎን አለው። ሁለቱ መስመሮች ውስጥ ለውስጥ ካልተገናኙ፣ ኤል ላይ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ማሰር ኮመን ላይ ኃይል አያመጣም።

መፍትሄው አጭር ሽቦ ነው፤ ከኤል ወደ ኮመን። ውፍረቱ ወደ ቦይለሩ ከሚሄደው ሽቦ አይነስ፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የተለመደው ነው። ከሚገናኘው ብሎን የሚወጣው ፌዝ ወደ ቦይለሩ ይሄዳል። ኒውትራሉና (መመለሻው ሽቦ) ግራውንዱ (የመሬት ሽቦው) ታይመሩ ሳይቆርጣቸው ይለፉ። የብሎኖቹ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ታይመሩ ጎን ላይ ያለውን ስዕል ተከተሉ።

ቴስተሩ መውጫው ላይ ኃይል አለ ካለ ታይመሩን ተዉት። ችግሩ ቦይለሩ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ወይም ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት።

መሞቅ ሲገባው ይጠፋል፣ መጥፋት ሲገባው ይሞቃል

ፌዙ በሚለያየው ብሎን ወጥቷል። ወደ ሌላው አዙሩት።

ያለሰዓቱ ይሞቃል

ሰዓቱን በስልካችሁ የፈረንጅ ሰዓት ሞልታችሁ፣ ፕሮግራሙን በሀበሻ ሰዓት ከሞላችሁት ስድስት ሰዓት ይዛባል። «ጠዋት 1 ሰዓት» ያላችሁት ሌሊት 7 ላይ ይሞቃል። ጠዋት 1 ሰዓት 7:00 ነው፣ ማታ 1 ሰዓት 19:00።

መዘግየቱ መብራት ከጠፋ በኋላ የመጣ ከሆነ ታይመሩ ባትሪ የለውም፣ ወይም ባትሪው ሞቷል። ሁለት ሰዓት መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ የሌለውን ባትገዙ ይሻላል።

ይሸታል፣ ብሎኑ ጋ ጠቁሯል

2000 ዋት ቦይለር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። 16 አምፔር የተጻፈበት ታይመር ይችለዋል። ብሎኑ ካልጠበቀ ግን እዚያው ይግላል። የጠቆረውን ሽቦ ቁረጡ፣ ታይመሩን ቀይሩ፣ አዲሱን አጥብቃችሁ እሰሩ። ቦይለሩ ከታይመሩ አቅም በላይ ከሆነ ታይመሩ ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የተሰራ፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያዝዝ፤ ጭነቱን ኮንታክተሩ ይሸከመው።

ታይመሩ ሲያበራ ብሬከሩ ይወርዳል

ኃይሉ ጠፍቶ እያለ ወደ ቦይለሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች ፍቱና ጫፋቸውን በቴፕ ሸፍኑ። ከዚያ መልሳችሁ ሞክሩ። ብሬከሩ ካልወረደ ጥፋቱ ከታይመሩ ወዲያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ኤለመንት። ብሬከሩ እንዳይወርድ ብላችሁ ግራውንዱን በፍጹም አትፍቱ።

ቧንቧው ይነዝራል

ታይመሩ ጠፍቶም ቢሆን ከነዘረ፣ ታይመሩ ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን እየቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ግራውንዱም የለም ወይም ተበጥሷል። ዋናውን አጥፉ። ሁለቱም ሳይስተካከሉ ማንም እዚያ ገላውን አይታጠብ።