ስልክ ላይ የቀዳሁት ድምፅ ከምቱ ወደ ኋላ ሲቀር

በክራር ቅጂ ላይ ድምፄን ስደርብ ሁሌ ከምቱ ወደ ኋላ ይቀርብኝ ነበር። አፑ ነው ብዬ ሌላ አወረድኩ፤ ያው ነው። ከጀርባ የሚሠሩትን ሁሉ ዘጋሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ወይ ፍንክች!

ለካ ጉዳዩ የብሉቱዝ ማዳመጫው ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያዘገየዋል። በ6/8 ምት በሚሄድ ችክችካ ላይ ይህቺ ክፍተት ጭብጨባውን ታፈርሰዋለች። ባለገመድ ማዳመጫ ሰካሁ፤ አብዛኛው ተስተካከለ። የቀረችውን መዘግየት ባንድላብ በተባለው የመቅጃ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ባለው የመዘግየት ማስተካከያ አጠፋኋት። ማዳመጫ በቀየራችሁ ቁጥር ማስተካከያውን ድገሙት።

አፕ ስትመርጡም ከሚያማምሩት ኢፌክቶች በፊት ይህ ማስተካከያ መኖሩን እዩ። ሳትቀዱ ሚክስ (የተቀዱ ድምፆችን ማመጣጠን) ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ግን መዘግየቱ ብዙም አይጎዳችሁም።