የአንድ ኮንፌዴሬት ፈረሰኛ ሬጅመንት የጦርነት አገልግሎት እንዴት ይጠናል? በ8ኛው የቴክሳስ ፈረሰኛ ምሳሌነት

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ፣ ማለትም ከኮንፌዴሬቶቹ ወገን የተሰለፈን የፈረሰኛ ሬጅመንት ታሪክ ለማጥናት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን ከኋላ ይጀምረዋል፤ በቅድሚያ እጁ የሚገባው የቀድሞዎቹ ወታደሮች ካረጁ በኋላ የጻፉት ትዝታና በአደባባይ የቆመላቸው ሐውልት ነውና። እዚህ የሚቀርበው አካሄድ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በወቅቱ ለደመወዝና ለቁጥጥር ሲባል የተሞላው መዝገብና አዛዦች ከውጊያው በኋላ የጻፉት ዘገባ ይቀድማሉ፤ ትዝታው የሚነበበው እነዚህ ሁለቱ ከተሰደሩ በኋላ ነው። ለምሳሌነት 8ኛው የቴክሳስ ፈረሰኛ ሬጅመንት የተመረጠው ወረቀቱም አፈ ታሪኩም የበዛለት በመሆኑ ነው። የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ጦርነቱ የተካሄደባቸው ከ1861 እስከ 1865 ያሉት ዓመታት በእኛ አገር የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት እንደነበሩ ማስታወስ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል።

የመጀመሪያው ሥራ ስሙን ማጥራት ነው። ሬጅመንቱ በይፋ 8ኛው የቴክሳስ ፈረሰኛ ይባል እንጂ በደብዳቤም ሆነ በዘገባ ላይ «የቴሪ ቴክሳስ ሬንጀሮች»፣ «የዋርተን ሬጅመንት» ወይም በደፈናው «ሬንጀሮቹ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። በድንበር ጠባቂነት ከታወቁትና ዛሬ የግዛቲቱ የፖሊስ አካል ከሆኑት የቴክሳስ ሬንጀሮች ጋር ግን አንድ አይደለም። 8ኛው የቴክሳስ እግረኛ የሚባል ሌላ ሬጅመንት ነበር፤ የመሥራቹ የቤንጃሚን ቴሪ ወንድም ዴቪድ ቴሪም በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ የራሱን የቴክሳስ ፈረሰኛ ሬጅመንት አቋቁሟል። ስለዚህ «ቴሪ» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው የሁለት ወንድማማቾችን ወታደሮች በአንድ ከረጢት ሊከት ይችላል። በማስታወሻ ደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሬጅመንቱ የተጠራባቸውን ስሞች ሁሉ፣ ከጎናቸውም የሚያሳስቱትን ስሞች ይጻፉ። ሬጅመንቱ ከኤ እስከ ኬ ባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጠሩ አሥር ሻምበሎች ነበሩት፤ ጄ የሚባል ሻምበል አልነበረም፤ በእጅ ጽሕፈት ከአይ ጋር ስለሚምታታ ይዘለል ነበር። እያንዳንዱ ሻምበል ከተወሰነ የቴክሳስ አካባቢ የተመለመለ በመሆኑ የሻምበሉን ፊደል ማወቅ የወታደሩን መንደር ወደ ማወቅ ያደርሳል።

ቀጥሎ ሬጅመንቱ በየጊዜው በማን ሥር እንደነበረ የሚያሳይ የዘመን ሰንጠረዥ ይሠራል። ይህ አሰልቺ ቢመስልም ያለ እርሱ ሌላው ሥራ ሁሉ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም የዚያ ዘመን ሰነዶች የሚመደቡት በብርጌድና በአዛዥ ስም ነው። በ8ኛው ቴክሳስ ሁኔታ ሰንጠረዡ የሚጀምረው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ቴሪና ከቶማስ ሉቦክ ነው። ሁለቱ በሐምሌ 1861 በቨርጂንያ በተካሄደው የመጀመሪያው የማናሳስ ውጊያ በበጎ ፈቃደኝነት ካገለገሉ በኋላ ሬጅመንት እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው፤ በመስከረም 1861 ሂዩስተን ላይ 1170 ያህል ሰዎች ተመዝግበው ወደ ኬንታኪ ዘመቱ። ቴሪ በታኅሣሥ 17 ቀን 1861 በመጀመሪያው ውጊያ ተገደለ። ተተኪው ሉቦክ ታሞ ናሽቪል ውስጥ ሳለ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ወታደሮቹም ጆን ዋርተንን ኮሎኔል አድርገው መረጡ። ዋርተን በኅዳር 1862 ብርጋዴር ጄኔራል ሲሆን ሬጅመንቱን ቶማስ ሃሪሰን ተረከበ፤ በኋላ ሃሪሰን ራሱ ብርጌድ ያዘ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ከ1863 በኋላ በዘገባ ላይ «የሃሪሰን ብርጌድ» የሚል ሲያነቡ 8ኛው ቴክሳስ ብቻውን አይደለም፤ 11ኛው ቴክሳስ፣ 3ኛው አርካንሶና 4ኛው ቴነሲ ፈረሰኞችም አብረው አሉ። ብርጌዱ የሠራውን ሁሉ ለአንዱ ሬጅመንት መስጠት በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው።

ሰንጠረዡ ከተዘጋጀ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ከ1880 እስከ 1901 በ128 መጻሕፍት ያሳተመውን የሁለቱን ወገኖች የጦር ሰነዶች ስብስብ መክፈት ይቻላል። ስብስቡ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። አንባቢን የሚያስፈራው ብዛቱ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ተከታታይ ክፍል በዘመቻ የተደራጀ በመሆኑ የሚፈለገው ጥቂት ቅጽ ብቻ ነው። ለ8ኛው ቴክሳስ የኬንታኪው መጀመሪያ በቅጽ 7፣ የሻይሎ ውጊያ በቅጽ 10፣ የ1862 የመርፍሪስቦሮ ወረራና የፔሪቪል ውጊያ በቅጽ 16፣ ስቶንስ ሪቨር በቅጽ 20፣ ቺካማውጋ በቅጽ 30፣ የአትላንታ ዘመቻ በቅጽ 38፣ የካሮላይናዎቹ ዘመቻ በቅጽ 47 ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ቅጽ በመጀመሪያ የጦር አደረጃጀት ሰንጠረዡን ይፈልጉ፤ ከዚያ ሬጅመንቱ የነበረበትን ብርጌድ አዛዥ ዘገባ፣ ከዚያም በዚያው ቀን በዚያው ቦታ የነበረውን የሰሜን ወገን አዛዥ ዘገባ ያንብቡ። የሬጅመንቱ አዛዥ ራሱ የጻፈው ዘገባ ከተገኘ ዕድለኛ ነዎት፤ ፈረሰኛ ሲንቀሳቀስ ይውላልና ለመጻፍ ፋታ አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ውጊያ ቀረብ ብሎ ማየት ዘዴውን ያሳያል። ቦታው በኬንታኪ ግሪን ሪቨር አጠገብ ያለው ዉድሰንቪል ነው፤ የሰሜን ሰነዶች ሮውሌትስ ስቴሽን ይሉታል፤ ሁለቱ ስሞች አንድ ውጊያ መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ሁለት ውጊያ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የደቡቦቹ አዛዥ ጄኔራል ቶማስ ሂንድማን በዘገባው ከሉዊቪል ወደ ናሽቪል የሚሄደውን የባቡር ሐዲድ ለማፍረስ 1100 እግረኛ፣ 250 ፈረሰኛና 4 መድፍ ይዞ እንደወጣ ይናገራል። የገጠሙት የ32ኛው ኢንዲያና እግረኛ ወታደሮች ጀርመናውያን ስደተኞች ነበሩ። ሬንጀሮቹ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃና ሽጉጥ ይዘው በፈረስ ጋለቡባቸው፤ ጀርመናውያኑም ተጠጋግተው ተኮሱ፤ ቴሪም እዚያው ወደቀ። ከውጊያው በኋላ የ32ኛው ኢንዲያና ወታደር የነበረው አውግስጦስ ብሎድነር ለሞቱ ጓዶቹ በጀርመንኛ የተቀረጸ የድንጋይ መታሰቢያ ሠራ፤ ይህም ከጦርነቱ መታሰቢያዎች መካከል እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ቀዳሚው እንደሆነ ይታመናል። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ከ3000 በላይ ጠላት በ500 ጀርመናውያን እንደተሸነፈ ነው። የሂንድማን ቁጥር ግን 1350 ሰውና 4 መድፍ ነው። ከሬንጀሮቹም በዚያ ግልቢያ የተካፈለው ከፊሉ ብቻ እንጂ ሂዩስተን ላይ የተመዘገቡት 1170ዎቹ በሙሉ አልነበሩም። ሁለቱን ቁጥሮች አማካይ ቦታ ላይ ለማስታረቅ አይሞክሩ። አዛዥ የራሱን ሠራዊት ብዛት ከጠላቱ ይልቅ በደንብ ያውቃል፤ በአንጻሩ የራሱን ሙታን የማሳነስ፣ የጠላቱን የማብዛት ዝንባሌ አለው። እንግዲህ የእያንዳንዱን ወገን ብዛትም ሆነ ጉዳት ከራሱ መዝገብ መውሰድ፣ ከባላጋራው የተገኘውን ግን ግምት ብሎ መመዝገብ ይሻላል።

ከውጊያው ወደ ወታደሩ ሲወረድ ዋናው ምንጭ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚገኘው የግል አገልግሎት መዝገብ ነው። የኮንፌዴሬቶቹ ዋና ከተማ ሪችመንድ በሚያዝያ 1865 ስትወድቅ የጦር መዛግብታቸው በከፊል ወደ ደቡብ ተጭነው ቻርሎት ደረሱ፤ በመጨረሻም ለሰሜኖቹ ተላለፉ። የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ጸሐፊዎች ከ1903 ጀምሮ ከእነዚህና ከየግዛቱ በውሰት ከመጡ ወረቀቶች እያንዳንዱን ስም ወደ ካርድ ገልብጠው በየወታደሩ ፖስታ ውስጥ አስቀመጡ። የቴክሳሶቹ ካርዶች በመዝገብ ምድብ 109፣ ኤም 323 በተባለው ማይክሮፊልም ላይ ይገኛሉ፤ የሬጅመንቱ የእንቅስቃሴ ማስታወሻዎች ደግሞ በኤም 861 አሉ። ፎልድ ስሪ በተባለው ድረ ገጽ ላይም ተጭነዋል፤ ድረ ገጹ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በቤተ መዛግብቱ ኮምፒውተሮች ላይ ግን በነፃ ይታያል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አንባቢ ዋሽንግተን ፔንስልቬንያ ጎዳና ላይ ወዳለው ሕንፃ በሜትሮ ሄዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

ካርዱ የሚዘግበው ወታደሩ መቼ፣ የትና በማን እንደተመለመለ፣ እስከ መቼ ደመወዝ እንደተከፈለው፣ በየሁለት ወሩ በሚደረገው ቆጠራ መገኘቱን ወይም መቅረቱን ነው። የፈረሰኛ ካርድ ከእግረኛው የሚለይበትና በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነገር የፈረሱ ዋጋ ነው። ኮንፌዴሬት ፈረሰኛ ፈረሱን ከቤቱ ያመጣ ነበር፤ ሲመዘገብ ፈረሱና ዕቃው ይገመትለታል፤ ለፈረሱ አገልግሎት በቀን 40 ሳንቲም ይከፈለዋል። ፈረሱ በውጊያ ከተገደለ የተገመተውን ዋጋ ያገኛል፤ በበሽታ ወይም በድካም ከሞተበት ግን ኪሳራው የራሱ ነው፤ ሌላ ካላገኘም ወደ እግረኛ የመዛወር ዕጣ ይጠብቀዋል። ይህን የማያውቅ አንባቢ «ቀሪ» የሚለውን ቃል ሲያይ ከዳ ብሎ ይተረጉመዋል። ከብዙዎቹ ቀሪዎች በስተጀርባ ፈረስ ፍለጋ አለ። ለቴክሳሶቹ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር፤ ቪክስበርግ በሐምሌ 4 ቀን 1863 ከወደቀች በኋላ ሚሲሲፒ ወንዝ በሰሜኖቹ እጅ ገባ፤ ከቤት ፈረስም ሆነ ምትክ ሰው ማምጣት እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በ1861 መጨረሻ ካርዶች ላይ የሚበዙት «ታሞ ቀርቷል» የሚሉ ማስታወሻዎችም ቀላል ነገር አይደሉም፤ በዚያ የመጀመሪያ ክረምት ኩፍኝ፣ የሳንባ ምችና ታይፎይድ ከጥይት ይልቅ ብዙ ሰው ጨርሰዋል። ለመጨረሻዎቹ ዓመታት ካርድ ከጠፋ ቆጠራው አልተካሄደም ወይም ወረቀቱ ጠፍቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ከባዶ ቦታ መደምደሚያ አያውጡ። የተማረኩት በኤም 598 ይፈለጋሉ፤ እዚያ ካምፕ ቼዝ፣ ካምፕ ሞርተንና ሮክ አይላንድ የተባሉት የሰሜን እስር ቤቶች መዝገብ አለ።

በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የሌሉ ሰዎችም አሉ፤ ጥናቱ የእነርሱን መኖር ካላስገባ ጎደሎ ነው። ቴሪ ዛሬ ሹገር ላንድ በምትባለው አካባቢ የኦክላንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለድርሻ ነበር፤ እርሻውም የሚሠራው በባርነት በተያዙ ጥቁሮች ጉልበት ነበር። ቴክሳስ የካቲት 2 ቀን 1861 ያወጣችው የመገንጠል ምክንያት መግለጫ ባርነትን ለማስጠበቅ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ለዘመቻ ሲወጡ በባርነት የያዟቸውን ሰዎች ምግብ አብሳይና የፈረስ ጠባቂ አድርገው የወሰዱ ወታደሮችም ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ወታደር ስላልነበሩ በካርዱ ላይ ስም የላቸውም። የሻምበሎቹን መኮንኖች ስም ይዘው የ1860ን የባርነት ቆጠራ ዝርዝር ይመልከቱ፤ የባለቤቱ ስም፣ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜና ፆታ ተጽፏል፤ የተያዘው ሰው ስም ግን የለም። ዝርዝሩ ስም ባይሰጥም የሬጅመንቱ ሀብት ከየት እንደመጣ ያሳያል።

ትዝታዎቹን የሚከፍቱት አሁን ነው። ጥቅማቸው ዘገባ የማይነግረውን፣ እንደ ረኃብ፣ ቀልድና ጠብ ያለውን በመያዛቸው ነው፤ ጉድለታቸው ከ40ና ከ50 ዓመት በኋላ መጻፋቸው ነው። ከሻይሎ ማግስት ሚያዝያ 8 ቀን 1862 ፎለን ቲምበርስ ላይ የሆነው ጥሩ መፈተኛ ነው። የሰሜኑን ጄኔራል የሸርማንን አሳዳጅ ጦር ከመቱት ፈረሰኞች መካከል በሜጀር ሃሪሰን የሚመሩት ሬንጀሮች ነበሩ፤ በታዋቂው ትረካ ግን የደቡቦቹ ፈረሰኛ አዛዥ ናታን ቤድፎርድ ፎረስት ብቻውን ይቀራል፤ ቆስሎ ሳለም አንድ የሰሜን ወታደር አንጠልጥሎ ከኋላው በማፈናጠጥ ጋሻ አደረገው ይባላል። የጋሻውን ታሪክ ያስፋፉት የኋለኛ ጸሐፊዎች ናቸው፤ በዘመኑ ዘገባ ላይ የቆመ አይደለም። በአንጻሩ የፎረስት መቁሰል የተረጋገጠ ነው። ከትዝታ የሚወስዱትን እያንዳንዱን ነገር በዚህ ዓይነት ከዘገባው ጋር ያስተያዩና በሦስት ይክፈሉት፦ የተረጋገጠ፣ ሊሆን የሚችል፣ ማስረጃ የሌለው። ኦስቲን በሚገኘው የግዛቲቱ ምክር ቤት ግቢ በ1907 የቆመው የቀራፂው ፖምፔዮ ኮፒኒ ፈረሰኛ ሐውልት ስለ 1861 ሳይሆን ስለ 1907 የሚመሰክር ሰነድ ተደርጎ ይወሰድ።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጠናው በ1865 የጸደይ ወራት ነው። ሬጅመንቱ በመጋቢት 1865 ቤንተንቪል፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ የመጨረሻ ግልቢያውን ካደረገ በኋላ፣ የደቡቦቹ ጄኔራል ጆሴፍ ጆንስተን ሚያዝያ 26 ቀን እጁን ሰጠ። ዳግመኛ ላለመዋጋት ቃል ገብተው የተለቀቁት ወታደሮች ስም ዝርዝር ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ብዙ ሬንጀሮች እጅ ሳይሰጡ በየአቅጣጫው ስለሄዱ፣ ስሙ በዝርዝሩ ያልተገኘ ወታደር ሞቷል ወይም ቀድሞ ከድቷል አይባልም። እንዲህ ያለውን ሰው ዱካ ለማግኘት የጡረታ ማመልከቻዎች ይረዳሉ። ለኮንፌዴሬት ወታደሮች ጡረታ የሚከፍሉት የደቡብ ግዛቶች እንጂ ማዕከላዊው መንግሥት አልነበረም፤ ቴክሳስ ሕጉን ያወጣችው በ1899 ሲሆን ማመልከቻዎቹ ኦስቲን በግዛቲቱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ የአመልካቹን ሬጅመንት፣ ሻምበልና የምስክሮች ቃል ይይዛሉ። ወታደሩ የሚያመለክተው ባገለገለበት ሳይሆን በሚኖርበት ግዛት ስለነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ቴነሲ የሰፈረ የ8ኛው ቴክሳስ ወታደር ወረቀት ናሽቪል ይፈለጋል።