ከመፈረማችሁ በፊት በሩን ክፈቱ፦ ዝግ ትሬለር የሚጎትት ፒካፕ ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ስልኬ ጠራ። ዴንቨር ከገባ ሁለት ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ መኪናዋን ገዛኋት!» አለኝ። ደስታው በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ባለ አራት በር ናት፣ ጣሪያዋ መስታወት፣ ወንበሯ ቆዳ። «ሻጩ 13,000 ፓውንድ ትጎትታለች ብሎኛል» አለ።

«እስቲ የሾፌሩን በር ክፈትና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብልኝ» አልኩት። አነበበልኝ። 1,420 ፓውንድ ይላል። ይህ ልጅ 24 ጫማ ርዝመት ያለው ዝግ ትሬለር ቀድሞ ገዝቶ ግቢ አቁሟል። ምን እንደምለው ጨነቀኝ።

ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ከኮሎራዶ እየተነሳሁ በፒካፕ ዝግ ትሬለር ስጎትት ኖሬያለሁ። የቤት ዕቃ፣ የሠርግ ድንኳንና ወንበር፣ የምግብ ቤት ማሽን፣ አንዳንዴም መኪና። ከእኛም ሰው ብዙው ወደዚህ ሥራ እየገባ ነው። መግባቱ ደስ ይለኛል። ግን ይህንኑ የስልክ ወሬ በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ሰማሁ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

«ይህን ያህል ይጎትታል» የሚለውን ቁጥር ይዞ መግዛት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ውሸት አይደለም። ግን የእናንተ መኪና ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ ትክክለኛው ሞተር፣ ትክክለኛው ዲፈረንሻልና የመጎተቻ ዕቃው ሁሉ የተሟላለት፣ ብዙ ጊዜም ጌጥ ያልበዛበት መኪና ያገኘው ነው። አምራቾቹ የሚከተሉት ጄ2807 የሚባል መለኪያ አለ። አንዱ ፈተና አሪዞና ውስጥ ከቡልሄድ ሲቲ አጠገብ የሚነሳ ዴቪስ ዳም የሚባል ዳገት ነው። 11.4 ማይል ይረዝማል። መኪናው በሙቀት፣ አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ በሰዓት ከ40 ማይል ሳይወርድ መውጣት አለበት። ጎበዝ ፈተና ነው። ጋቢና ውስጥ ግን የሚታሰቡት እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። የእናንተ ረዳቶች፣ ጋሪው፣ ብርድ ልብሱ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ እዚያ ውስጥ የሉም።

ትሬለር ሲጎተት ክብደቱ ሁሉ በራሱ ጎማ ላይ አያርፍም። ከ10 እስከ 15 በመቶው ሂቹ (ትሬለሩ ከፒካፑ ጋር የሚያያዝበት ብረት) ላይ፣ ማለትም ፒካፑ ጀርባ ላይ ይጫናል። ይህ ተንግ ዌይት የሚባለው ነው። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ ሰውና ጭነት ተደምሮ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል። ፔይሎድ እንለዋለን። ተንግ ዌይት የሚቀነሰው ከዚያ ነው።

የልጁን ሒሳብ እንሥራው። ትሬለሩ ሲጫን 9,000 ፓውንድ ይሆናል እንበል። 13 በመቶው 1,170 ነው። ከ1,420 ላይ ሲቀነስ 250 ይቀራል። ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ራሱ ወደ 100 ፓውንድ ይመዝናል። ቀሪው 150። ልጁ ብቻውን 190 ነው። ገና ረዳቱ ሳይገባ፣ ካሶኒው ላይ አንድ ገመድ ሳይጣል መኪናዋ ሞልታለች። 13,000 ትጎትታለች የተባለችው መኪና በ9,000 አለቀላት። ጣሪያው መስታወት መሆኑ፣ የወንበሩ ሞተር፣ ትልልቁ ቸርኬ፣ ሁሉም ከዚያች ቁጥር ላይ ተቆርጦ የተገዛ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፒካፖች ጎን ለጎን ቆመው ወረቀታቸው በ500 ፓውንድ ሲለያይ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ስነግራችሁ ሦስት መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

አንደኛው «ኤር ባግ አስገባለታለሁ» ነው። ባሌስትራው ላይ የሚገባው የአየር ከረጢት የመኪናውን ጀርባ ያቃናል። የመሸከም አቅሙን አይጨምርም። ፍሬኑ ያው ነው፣ ዲፈረንሻሉ ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው።

ሁለተኛው «አገር ቤት በአይሱዙ የእጥፉን ጭነን ስንሄድ አልነበር?» ነው። ጭነናል። ስንቱ እንደቀረም እናውቃለን። እዚህ ደግሞ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚመዘነው ጭነታችሁ ነው። የምታዝኑትም በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛውን ልጁ ራሱ አመጣው። «ዕቃውን ወደ ኋላ ባደርገውስ? አፍንጫው ይቀል የለ?» አለኝ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አፍንጫው የቀለለ ትሬለር በ60 ማይል ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ አንዴ ከጀመረም ፒካፑን ይዞት ይዞራል። ከጭነቱ ወደ 60 በመቶው ከትሬለሩ አክስል ፊት መሆን አለበት። በመኪና ምርጫ የተሠራ ስህተት በዕቃ አደራደር አይታረምም። ምናልባት መወዛወዝ ቢጀምር ፍሬን አትርገጡ። ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የትሬለሩን ፍሬን ብቻ በእጅ ያዙት።

ከ10,000 ፓውንድ በላይ በተመዘገቡ ትልልቅ ፒካፖች ላይ ያ ወረቀት ላይገኝ ይችላል። ያኔ መኪናውን ባዶውን አስመዝናችሁ ከተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ላይ ቀንሱ።

ትሬለሩን በጭነቱ ብቻ ማሰብ

24 ጫማ ዝግ ትሬለር ባዶውን ወደ 4,000 ፓውንድ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ነው። ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ነፋስን መርሳት

ሻጮች ስለ ክብደት ያወራሉ። ስለ ነፋስ የሚያወራ ሻጭ ግን አላጋጠመኝም። ዝግ ትሬለር ማለት ስምንት ጫማ ተኩል ስፋትና ሰባት ጫማ ገደማ ቁመት ያለው ግድግዳ ነው። ጠፍጣፋ ትሬለር ላይ 9,000 ፓውንድ ብረት መጎተትና ያንኑ ክብደት በሳጥን ውስጥ መጎተት አንድ አይደለም። ብዙ የመመሪያ መጽሐፎች የትሬለሩ ፊት ከስንት ስኩዌር ጫማ ማለፍ እንደሌለበት በግልጽ ይጽፋሉ። በአንዳንድ ቀለል ያሉ ፒካፖች ላይ ክብደቱ ሳይሆን ይሄኛው ነው ቀድሞ የሚከለክላችሁ። የእኔ መኪና ብቻዋን በጋሎን 17 ማይል ትሄዳለች። ትሬለሩን ስትይዝ 9 ላይ ትወርዳለች። ትሬለሩ ሙሉም ሆነ ባዶ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ነዳጁን የሚጠጣው ነፋሱ ነውና።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። በሁለተኛው ዓመቴ ከዋዮሚንግ ባዶ ትሬለር ይዤ በአይ-80 እመለስ ነበር። ከሮውሊንስ እስከ ላራሚ ያለው መንገድ በነፋሱ የታወቀ ነው። ሰሌዳው ላይ ለቀላልና ረጃጅም ተሽከርካሪዎች ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። እኔ ትልልቆቹን ከባድ መኪናዎች መስሎኝ አለፍኩ። ቀላልና ረጅም ማለት እኔው ነበርኩ። ኤልክ ማውንቴን አካባቢ ነፋሱ ከጎን ሲመታኝ የትሬለሩ የግራ ጎማዎች ከአስፋልቱ ሲነሱ በመስታወት አየሁ። ተመልሰው ወረዱ። እንደምንም ወጥቼ ቆምኩ፣ እጄ መሪውን አልለቅ አለኝ። ያኔ የምነዳው አጭርና ቀላል፣ ሃፍ ቶን የሚባለው የፒካፕ ዓይነት ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ትሬለር አልጎተትኩም፣ ስመለስ ደግሞ ረጅምና ከበድ ያለ መኪና ይዤ ነው። ረጅም መኪና ለማቆም ያስቸግራል፣ መንገድ ላይ ግን ይረጋጋል።

ዳገቱን አይቶ ቁልቁለቱን መርሳት

ሁሉም የሚጠይቀኝ «ዳገት ይወጣል ወይ?» ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። እዚያ ላይ ሲደርስ ሲሦው ጉልበት የለም ማለት ነው። ቢያዘግም ግን ምንም አይደለም፣ በቀኝ መስመር ቀስ ብሎ ይወጣል።

ጭንቁ ያለው ከዋሻው ወዲያ ነው። ወደ ሲልቨርቶርን የሚወርደው 7 በመቶ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን እምቢ ላላቸው መኪናዎች ማምለጫ የተሠራበት። የዓባይ በረሃን የወረዱ የድሮ ሾፌሮቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከጎሃ ጽዮን በማርሽ ነበር የሚወርዱት፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው። አሁንም ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ ስትገዙ ቶው ሃውል የሚባለውን ቁልፍ እየተጫናችሁ ቁልቁለት ላይ ሞክሩት። ካምቢዮው ራሱ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን ሊይዝላችሁ ይገባል። ናፍጣ ከሆነ የጭስ ማውጫ ፍሬኑ መሥራቱን እዩ። የትሬለር ፍሬን መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሳይገጠምለት ከግቢ አይውጣ።

ናፍጣ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ መደምደም

በረጅም ተራራማ መንገድ በየሳምንቱ ለሚመላለስ ሰው ናፍጣ ይሻለዋል። እኔም ናፍጣ ነው የምነዳው። ነገር ግን የናፍጣው ሞተር ከባድ ነው። ያው ዓይነት 2500 (ከሃፍ ቶን ከበድ ያለው ፒካፕ) በቤንዚን ሲሆን ብዙ ጊዜ ፔይሎዱ ከናፍጣው ይበልጣል። ከአውሮራ ዴንቨር እየተመላለሰ የሠርግ ወንበር ለሚያደርስ ሰው ደግሞ አጭር ጉዞው የናፍጣውን የጭስ ማጣሪያ ይደፍነዋል፣ ጥገናውም ውድ ነው። ለእሱ ቤንዚን ይበቃዋል።

ፈቃዱን ከገዙ በኋላ መጠየቅ

ለንግድ ከክልል ክልል የምትሠሩ ከሆነና የፒካፑና የትሬለሩ የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ከደረሰ የዲኦቲ (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥርና የሕክምና ካርድ ያስፈልጋችኋል። ድምሩ 26,001 ከደረሰና ትሬለሩ ብቻውን ከ10,000 ካለፈ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ የግድ ነው። 14,000 የተመዘገበ ባለ መንታ ጎማ ፒካፕ ከ14,000 ትሬለር ጋር 28,000 ነው። የሚቆጠረው የተመዘገበው አቅም እንጂ የዛሬው ጭነት ብቻ አይደለም። የግል ኢንሹራንስም ለንግድ ሥራ አያገለግልም፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ጎማ

የሃፍ ቶኑ ጎማ ለሰው መጫኛ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለከባድ ጉተታ ኤልቲ የሚል፣ ሎድ ሬንጅ ኢ ፈልጉ።

ሳይመዝኑ መሄድ

የከባድ መኪና ማረፊያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ። የፊት ጎማ፣ የኋላ ጎማና ትሬለሩን ለየብቻ ይመዝንላችኋል። የሚከፈለው ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም። ጭናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ግቡ፣ ወረቀቱን ጋቢና ውስጥ አስቀምጡ።

ልጁ መኪናዋን መመለስ አልቻለም፣ ፈርሟል። ለጊዜው ከአንድ ወዳጃችን 14 ጫማ ትሬለር ተውሰንለት ቀለል ያለ ሥራ ጀምሯል፣ መኪናዋም ያንን ትሬለር ጥሩ ትጎትታለች። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ያገለገለ 2500 ለማየት አብረን እንሄዳለን። የእጅ ባትሪ ይዤ ሻንሲውን ለዝገት አየዋለሁ፣ እሱ የካምቢዮውን ዘይት ያሸታል፣ ከተቃጠለ ይሸታልና። ሂቹ የተበላ ከሆነ ምን ያህል እንደጎተተ እንጠይቃለን። ግን በመጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ ነግሬዋለሁ።