የደረቀ ቴርማል ፔስት ከሂት ሲንክ ላይ እንዴት ይጸዳል?

ኮምፒውተሩ ገና እንደተከፈተ ማራገቢያው የሚጮህ፣ ትንሽ ሲሠራ የሚንቀራፈፍ ወይም በራሱ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በሂት ሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ፣ ላይ ሙቀት በሚያነሳው ባለ ክንፍ ብረት) ክንፎች መሀል የታጨቀ አቧራ ወይም በሁለቱ መሀል የተቀባው ቴርማል ፔስት መድረቁ ነው። አቧራውን ማንም ያራግፈዋል። ፔስቱን ግን አንዳንዱ ይፈራዋል፣ ሌላው በቢላ ይፍቀዋል። አልኮልና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ።

የፕሮሰሰሩ ክዳንና የሂት ሲንኩ ገጽ ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም፣ ሲገጣጠሙ በመሀላቸው ጥቃቅን ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን አየር ከሞላው ሙቀቱ በቀላሉ አያልፍም። የፔስቱ ሥራ ያንን አየር ማስወጣት ነው፤ ራሱ ከመዳብና ከአሉሚኒየም በጣም ያነሰ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ስስ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ፔስቶች ከሲሊኮን ዘይትና እንደ ዚንክ ኦክሳይድ ካለ ዱቄት የተሠሩ ናቸው። በዓመታት ሙቀት ዘይቱ ይለይና ዱቄቱ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በእሱ ላይ አዲስ መደረብ ውፍረት ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

የሚያስፈልገው

ምርጡ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ ኢሶፕሮፒል አልኮል ነው። ካልተገኘ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይሠራል፤ ውሃ ስላለበት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። 30 ሚሊ ሊትር ከበቂ በላይ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪን ስላለው ቅባት ይተዋል። ነጭ ጋዝም እንደዚያው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ፕላስቲክ ሊያሟሟ ይችላል። ካቲካላ የሚሞክር ካለ፣ ግማሹ ያህል ውሃ መሆኑን ያስታውስ።

ለመጥረጊያ ብናኝ የማይተው ጨርቅ ይያዙ፤ የመነጽር መጥረጊያ ወይም የቡና ማጥለያ ወረቀት ጥሩ ነው። ሶፍት ለመጀመሪያው ሻካራ ጠረጋ ብቻ ይሁን። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ፣ ስቴኪኒና ካቻቢቴ ይጨምሩ። ምላጭ፣ የብረት ሽቦና የአሸዋ ወረቀት አያስጠጉ።

ሂት ሲንኩን ማንሳት

ጉዳት የሚደርሰው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው እንጂ ሲጸዳ አይደለም። ከመክፈትዎ በፊት ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ ፔስቱ ለብ ሲል በቀላሉ ይላቀቃል። ከዚያ አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተጭነው ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፣ የኬዙን ብረት ነክተው ይጀምሩ። የማራገቢያውን ገመድ ከማዘርቦርዱ (ፕሮሰሰሩ ከተሰካበት ዋና ሰሌዳ) መንቀልም አይርሱ።

ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር የሚመጣው የተለመደው ሂት ሲንክ አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት። የእያንዳንዱን ጭንቅላት በላዩ ባለው ቀስት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙረው ወደ ላይ ይሳቡ። በብሎን የታሰረ ከሆነ አንዱን ጨርሰው አይፍቱ፤ በሰያፍ እየተሻገሩ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት ያላሉ።

ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች መሰኪያ (ሶኬት) የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፒኖቹ (ሶኬቱ ውስጥ የሚገቡት ቀጫጭን የብረት እሾሆች) ያሉት በፕሮሰሰሩ ሆድ ሥር ሲሆን፣ ከላይ የሚይዘው የብረት ክዳን የለም። ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርገው ቢጎትቱት ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ እንደተቆለፈ ተመንግሎ ይወጣል፣ ፒኖቹም ይጣመማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዙ ያሽከርክሩት፤ ሲላላ ብቻ ያንሱት። ተጣብቆ ከወጣ በካቻቢቴ አይፈልቅቁት፣ የጥርስ ማጽጃ ክር በመሀል አስገብተው እንደ መጋዝ ይሳቡ።

ማጽዳት

1. አቧራውን ያስቀድሙ፤ ኋላ ላይ ካራገፉት በጸዳው ገጽ ላይ ያርፋል። በብሎወር ሲነፉ የማራገቢያውን ምላስ በጣት ይያዙ፤ በነፋሱ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

2. ወፍራሙን ፔስት በካርዱ ጠርዝ ከዳር ወደ መሀል ይሰብስቡ፣ ካርዱን በየጊዜው በሶፍት ይጥረጉ። እንቢ ያለውን አይታገሉ።

3. ጨርቁን በአልኮል አርሰው የሂት ሲንኩ ገጽ ላይ ዘርግተው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይተዉት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ደረቅ ፔስት ግን የሚለቀው ሲርስ እንጂ ሲፋቅ አይደለም።

4. ከዳር ወደ መሀል ይጥረጉ፣ ጨርቁን በየጊዜው ወደ ንጹሕ ገጹ ያጥፉ። ግራጫ ቀለም መውሰዱን እስኪያቆም ይደግሙት። ጨርቁ ንጹሕ ወጥቶ መዳቡ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ከቀረ የመዳቡ ቀለም ነውና ይተዉት።

5. የመዳብ ቱቦዎቹ በቀጥታ ፕሮሰሰሩን የሚነኩ ከሆነ በቱቦዎቹ መሀል ባለው ስንጥቅ ፔስት ይቀራል። በስቴኪኒ ጫፍ አውጥተው በረጠበ ጥጥ ይከታተሉት።

የፕሮሰሰሩን ክዳን ሶኬቱ ላይ እንዳለ ያጽዱት፤ ያለምክንያት አያውጡት። አልኮል አያፍሱበት፤ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ። ጠርዙን በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ይዙሩት።

ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ ክዳን የለውም፣ ዙሪያውንም ካፓሲተር የሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አሉ፤ ካርድ ትተው በጥጥ ብቻ ይሥሩ። ሚሞሪዎቹ ላይ የተለጠፉት ለስላሳ ቁራጮች ቴርማል ፓድ ናቸው፣ ውፍረታቸው ተለክቶ ስለሆነ በፔስት አይተኩም። የሚያዩት ነገር እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭና የሚንከባለል ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ያቁሙ። ጋሊየም ያለበት ሊኩዊድ ሜታል ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ይበላል። ለባለሙያ ይስጡት።

መልሶ መግጠም

70 በመቶ አልኮል ከተጠቀሙ 10 ደቂቃ ያህል ያድርቁ፤ የጸዳውን ገጽ በጣት አይንኩ። በፕሮሰሰሩ መሀል የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት ያድርጉ፣ ለላፕቶፕ የሩዝ ፍሬ ያህል። ሂት ሲንኩን ቀጥ አድርገው አሳርፈው በሰያፍ እየተሻገሩ ያጥብቁ፣ የማራገቢያውን ገመድ ይመልሱ።

ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ሙቀቱን ይዩ። ያለ ሥራ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ደህና ነው። በደቂቃ ውስጥ ወደ 95 የሚተኮስ ከሆነ ፔስቱን ከመውቀስዎ በፊት እግሮቹን ይመርምሩ፤ ከአራቱ አንዱ አለመግባቱ በጣም የተለመደ ነው። በማዘርቦርዱ ጀርባ ሲታይ የአራቱም እግሮች ጫፍ ወጥቶ ተፈልቅቆ መታየት አለበት። ለማስተካከል ሂት ሲንኩን ካነሱት አዲሱንም ፔስት ጠርገው እንደገና ይቀቡ፤ ተላቆ የተመለሰ ፔስት አየር ይይዛል።