ቶኪዮ ውስጥ ትንሽ ሱሺ ቤት ስትገቡ ሊቀሩ የሚገባቸው ስህተቶች

ቶኪዮ ውስጥ ጥሩ ሱሺ የሚበላው ብዙ ጊዜ ስምንት ወይም አሥር ወንበር ባላት ጠባብ ቤት ነው። አንድ ባንኮኒ፣ ከጀርባው አንድ ሱሺ ሠሪ፣ አለቀ። ቤቷ ብታንስም ሥርዓቷ ግን ቀላል አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ማርፈድ ነው። ኦማካሴ በሚባለው አቀራረብ ምን እንደሚቀርብ የሚወስነው ሠሪው ነው። ብዙ ቤቶች እንግዳውን ሁሉ በአንድ ሰዓት ያስጀምራሉ፤ ሩዙም የሚበስለው ያንን ሰዓት ታስቦ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ተብላችሁ አንድ ተኩል ብትደርሱ ወይ ሌላው ሰው እናንተን ይጠብቃል ወይ የመጀመሪያዎቹ ያመልጧችኋል። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አይሠራም። በዕለቱ መሰረዝም ብዙ ቦታ ሙሉ ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው፣ የቀረበውን ሱሺ አስቀምጦ ወሬ መቀጠል ወይም ፎቶ ማሳመር ነው። ኒጊሪው፣ ማለትም በእጅ በተጨበጠ ሩዝ ላይ ዓሣ የተደረበበት ሱሺ፣ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ሩዙ ትንሽ ዝቅ ሲል ታያላችሁ፤ ውስጡ አየር እንዲኖረው ላላ ተደርጎ ስለተጨበጠ ነው። ሩዙ ለብ ያለ ነው፣ ወደ ሰው ገላ ሙቀት የሚጠጋ። ዓሣው ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ። ይህ ልዩነት የሚቆየው ለአፍታ ነው። ኖሪ በሚባለው የደረቀ የባሕር አረም የተጠቀለለ ከሆነማ ኖሪው እርጥበት ስቦ ወዲያው ይልፈሰፈሳል። ፎቶ ካስፈለገ አስፈቅዳችሁ አንዴ አንሱና ጉረሱት፤ በአንድ ጊዜ፣ ሳትገምጡ።

ሶያ ሶስ ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእነዚህ ቤቶች ሠሪው ራሱ ኒኪሪ የሚባለውን ስጎ በብሩሽ ቀብቶ ይሰጣል። ከተቀባ ምንም አትጨምሩ። ካልተቀባ ገልብጣችሁ በዓሣው በኩል ብቻ ነካ አድርጉት፤ በሩዙ በኩል ከነከራችሁት ይፈርሳል። ዋሳቢ የሚባለውን የሚያቃጥል አረንጓዴ ማጣፈጫ እንደ አዋዜ ሶሱ ውስጥ መበጥበጥም ይቅር። ሠሪው በልኩ ከዓሣው ሥር አድርጎታል። ዝንጅብሉ በመሃል አፍ ማጽጃ ነው እንጂ ሱሺው ላይ አይደረብም።

በእጅ መብላት ነውር መስሏቸው ከቾፕስቲክ ጋር የሚታገሉም አሉ። ኒጊሪ በእጅ ይበላል፣ ለእኛማ ሰርግና ምላሽ ነው። ግን ፍቅር ገፋፍቷችሁ በቾፕስቲክ ያነሳችሁትን ወደ ጓደኛችሁ ቾፕስቲክ አታቀብሉ። በጃፓን ቀብር ሥርዓት አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚቀባበለው እንዲያ ነው። ማካፈል ካማራችሁ ሳህን ላይ አኑሩለት።

የማይበሉትን ሳይናገሩ መሄድ በተለይ እኛን ይመለከታል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድ፣ ሽሪምፕና አናጎ የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ተከታትለው ሊቀርቡለት ይችላሉ። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ኒኪሪው ብዙውን ጊዜ ሳኬና ሚሪን የሚባሉ አልኮል ያለባቸው የሩዝ መጠጦች እንዳሉበት እወቁ። ይህን የምትናገሩት ቦታ ስትይዙ ነው። ባንኮኒው ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ ከተናገራችሁ ሠሪው ዓሣውን ገዝቶ፣ አዘጋጅቶ ጨርሷል።

ሽቶ አትቀቡ፣ የዓሣውን ሽታ ይሸፍናል፤ ጎረቤታችሁም ክንዳችሁ አጠገብ ነው። ሰዓትና አምባር አውልቁ፣ የባንኮኒውን እንጨት ይጭራል። ቲፕ አይሰጥም። ጥሬ የን ያዙ፣ ካርድ የማይቀበሉ አሁንም አሉ።

እሑድ ለመብላት ከማቀዳችሁ በፊትም ጠይቁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከጹኪጂ የተዛወረው የቶዮሱ ዓሣ ገበያ እሑድ ዝግ ስለሆነ ብዙ ሱሺ ቤቶችም አይከፍቱም። ገበያው ዝግ የሚሆንባቸው ረቡዖችም አሉ። ዋጋው ካስፈራችሁ በሥራ ቀን ለምሳ ሂዱ፤ ውድ በሆነው የጊንዛ ሰፈር እንኳ ማታ ኪስ የሚያራግፈው ቤት ቀን ላይ በብዙ ቅናሽ የሚያበላበት ጊዜ አለ።